የኮምፓይለር ኮርሴን ስለወሰዱልኝ የቀረበ ምስጋና

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር ወንጌላዊት ይስማው
የደጋ ጮቄ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ በፊት የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። የቢሮዎ መስኮት ከጮቄ በኩል የሚወርደውን ነፋስ ፊት ለፊት የሚቀበል በመሆኑ፣ በዚህ በኅዳር ብርድ ጉንፋን እንዳይደፍርዎት፣ ጉልበትዎም በስብሰባ ብዛት እንዳይዝል፣ በተለይም የሚፈርሙበት እጅዎ ደኅና ውሎ ደኅና እንዲያድር ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከመስከረም ወዲህ ዕረፍት በዝቶልኝ፣ ፊቴም ወዝቶ፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ደኅና ነኝ።

የኋላሸት ገዳሙ እባላለሁ። ስሜን የምጽፈው ዘንግተውታል ብዬ አይደለም፤ የመስከረሙ ደብዳቤዎ «ለሚመለከተው መምህር» ብሎ ስለጀመረ፣ የሚመለከተው መምህር እኔ መሆኔን ለማስታወስ ያህል ነው። በዚህ ኮሌጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት የኮምፓይለር ግንባታ ኮርስ አስተምሬአለሁ። ይህ ጽሑፍ በማስታወቂያ ሰሌዳ ስለሚለጠፍና ከእርሻ ትምህርት ክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ የሚያልፉትም ቆመው ስለሚያነቡት፣ ኮምፓይለር ማለት ሰው በሚገባው ቋንቋ የጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም መሆኑን፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቻችንም ይህን አስተርጓሚ በራሳቸው እጅ ሠርተው እንዲያሳዩ እንደሚጠበቅ ባጭሩ እገልጻለሁ። እንደሚጠበቅ ነው ያልሁት።

በመስከረም ወር «ለትምህርት ጥራት ሲባል» ይህ ኮርስ ከእኔ ተነሥቶ ለመምህር ይታያል እንዳላማው ተሰጠ። እኔም ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ኮምፒውተር እንዴት እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚዘጋ እንዳስተምር ተመደብሁ። እስካሁን መክፈቱን ጨርሰናል። በመጪው ዓርብ የአካዳሚክ ጉባኤው ተቀምጦ ይህን ምደባ ቋሚ እንደሚያደርገው ስለሰማሁ፣ እጅዎ ወደ ብዕሩ ከመዘርጋቱ በፊት የሚከተሉትን ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መብራት።

እንደሚታወቀው የእኔ ትምህርት የሚሰጠው በሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ስላይዶች ነበር። ስላይዶቹን ያወረሱኝ ኮሌጁ ሲከፈት የነበሩት ህንዳዊው መምህር ሲሆኑ፣ እኔም አደራቸውን ጠብቄ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማቸውን በስሜ ከመለወጥ በቀር አንዲት ፊደል ሳልነካ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄአቸዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል፤ ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ ተማሪዎቹ በጸጥታ ደብተራቸውን አጥፈው ይወጣሉ። መብራቱ በሳምንት ሁለት ቀን ይጠፋል ብንል፣ በዓላቱ ሲታከሉበት፣ ከምዕራፍ አራት አልፈን አናውቅም። ምዕራፍ አምስት ላይ ምን እንዳለ እኔም በቅርብ ጊዜ ነው ያየሁት። መምህር ይታያል ግን ፕሮጀክተር የሚባል ነገር አያስነሡም። ተማሪዎቹን ይዘው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ሣር ላይ ይቀመጣሉ፤ መብራት መጣ ሄደ የሚጠይቅ የለም። በዚህ ምክንያት ተማሪዎቻችን ለዘመናት ሲጠቀሙበት የኖሩትን የዕረፍት መብት ተነፍገዋልና ይህ እንዲታይልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቆጠራ።

መምህር ይታያል ወደዚህ ዓለም ትምህርት ከመምጣታቸው በፊት በዲማ ሰባት ዓመት ቅኔ ተምረዋል። ይህንንም አይደብቁም፤ እንዲያውም ለቅጥር ባቀረቡት የሕይወት ታሪክ ላይ ከዲግሪያቸው በላይ አስቀምጠውታል። በቅኔ ቤት ተማሪ ሲውል የዘረፈውን ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ያሰማል፣ ይታረማል፤ ይህም ቆጠራ ይባላል። እሳቸው ይህን ሥርዓት እንዳለ አምጥተው ኮምፓይለር ላይ አዋሉት። እያንዳንዱ ተማሪ በየሳምንቱ የሠራትን ቁራጭ ይዞ ይቀርባል፤ ይህን ለምን እዚህ አደረግህ፣ ይህ ባይኖር ምን ይሆናል ተብሎ ይጠየቃል። የሰው ሥራ ይዞ የመጣ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል። የቀደመው የዘገየውን ያስቀጽላል፣ ማለትም የተማረውን መልሶ ያስጠናዋል። አሁን በኅዳር ወር፣ ሠላሳ አምስት ተማሪዎች ሠላሳ አምስት የማይመሳሰሉ ኮምፓይለሮች ሠርተዋል፤ የአንደኛው እንዲያውም ትእዛዞቹ በሙሉ በአማርኛ ናቸው፤ ሁሉም ይሠራሉ።

በእኔ ጊዜ የነበረውን መተባበር ያስታውሱታል። አርባ ተማሪ አንድ ፕሮጀክት ያስገባ ነበር፤ በዐሥራ አምስቱ ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ሳይፋቅ ይመጣልኝ ነበር። እኔም ያን አንድነት ላለማፍረስ ስል አንዱንም ከፍቼ አስነሥቼ አላውቅም። ይህ የመረዳዳት ባህል በሁለት ወር ጠፍቷልና ተጠያቂው አካል ቢገለጽልኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፤ ተማሪዎቹ መምህር ይታያልን «የኔታ» ይሏቸዋል። እኔን «ቲቸር» ይሉኛል። በዚህ ነጥብ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የምጨምረው አለኝ። በመጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ የከተማ ልጆች የገጠሩን መምህር ሲያሾፉበት ነበር እንዲህ ያሉት። በሁለተኛው ሳምንት ቀልዱ ጠፋና ስሙ ቀረ። አሁን በመንገድ ሲያልፉ ልጆቹ ከተቀመጡበት ይነሡላቸዋል። ክብርት ሆይ፣ እኔም ዲማ ነበርሁ። ይህን በዚህ ኮሌጅ የሚያውቅ ማንም የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ ማስታወቂያ ሰሌዳውን የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጬ፣ ከመምህሬ ፊት ቀርቤ ተቆጥሬ፣ ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ይሻለኛል ብዬ ቁይ ከተማ ወርጄ አምስተኛ ክፍል ገባሁ። እዚያ ልጆቹ «ቆሎ ተማሪ» እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሾፉብኝ ስለኖሩ፣ በሦስተኛው ዓመት ያንን ነገር ከአፌም ከልቤም አወጣሁት። ዲግሪዬን ሳገኝ፣ ስቀጠር፣ ሳስተምር፣ አንድ ቀን እንኳ አላነሣሁትም። ሠላሳ ዓመት እንደ ነውር የደበቅሁትን ነገር ሌላው ሰው በአደባባይ ተሸክሞ መጥቶ፣ እርስዎም በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ «አዲስ የማስተማር ዘዴ» ብለው ሲያመሰግኑት፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ አጨብጭቤአለሁ። አጨብጫቢነቴ በቃለ ጉባኤው ባለመመዝገቡ ቅር ብሎኛል።

አራተኛውን ቅሬታ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለጉባኤው የማቀርበውን ማስረጃ ልሰበስብ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሄድሁ። ማስረጃ የምለው ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ፣ የመምህር ይታያልን ስሕተት ነው። ስልክ የማነጋግር መስዬ ከአንድ ባሕር ዛፍ አጠገብ ቆምሁ። ማንም አልደወለልኝም፤ ቢሆንም ለአንድ ሰዓት ያህል «እሺ፣ እሺ» እያልሁ ቆየሁ።

ታየች የምትባል ተማሪ ተራዋ ደረሰ። ከመርጡለ ማርያም የመጣች፣ ድምፅዋ ከሁለተኛው ወንበር የማያልፍ ልጅ ናት። አውቃታለሁ፤ ዓምና በእኔ ኮርስ ወድቃ ልትመረቅ የነበረችው ሳትመረቅ ቀርታ ዘንድሮ የምትደግም ናት። መምህሩ ኮምፓይለሩን ራሷን ሆና እንድትሠራ አዘዟት። ሣሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ሦስት፣ የመደመር ምልክት፣ አራት፣ የማባዛት ምልክት፣ ሁለት። እሷ አንድ ሰንጠረዥ ያለበት ወረቀት በእጇ ይዛ፣ ሰንጠረዡ በየደረጃው የሚያዝዛትን እየተከተለች ድንጋዮቹን ታነባብራለች፣ ታነሣለች። ወረቀቱን ከሩቁ ለየሁት። ከኮርሱ ጋር ያስረከብሁት የእኔ ስላይድ ቁጥር ዘጠና ሦስት ነበር።

ኮምፓይለር ስሌት ሲያነብ በእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ይመራል። መደመርን ይዞ ሳለ ማባዛት ሲመጣበት፣ ሰንጠረዡ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይባዛ» ሊለው ይገባል። የእኔ ሰንጠረዥ በዚያች ሳጥን ላይ «ደምር» ይላል። ታየች እንደታዘዘችው ሦስትና አራትን ደመረች፣ ሰባት የሚል ድንጋይ አስቀመጠች፣ ሰባቱን በሁለት አባዛች፣ ዐሥራ አራት አለች። የስድስተኛ ክፍል ልጅ እንደሚያውቀው መልሱ ዐሥራ አንድ ነው።

ልጅቷ አልደነገጠችም። ድንጋዮቹን ከመጀመሪያው ደርድራ አንድ ጊዜ ደግማ ሄደችበት፤ እንደገና ዐሥራ አራት ላይ ወጣች። ከዚያ ቀና ብላ «የኔታ፣ እኔ የታዘዝሁትን ነው የሠራሁ፤ ያጠፋው ሰንጠረዡ ነው» አለቻቸው። መምህር ይታያል ወረቀቱን ተቀብለው ጥቂት አዩት። ቀድመው አንብበውት ሳያስተውሉ ማለፋቸውን ለሁሉም ነገሩ፣ እግዜር ይስጥሽ አሏት፣ ሳጥኑንም እሷው በእስክሪብቶ እንድታርመው ሰጧት። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እኔም ስልኬን ዘግቼ እሄድ ነበር። ነገር ግን ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «እሱማ የታወቀ አይደል፤ ለቲቸር የኋላሸት ዐሥራ አራት ነው የሚጻፍ» አለ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሳቁ። ታየች ብቻ አልሳቀችም።

እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ እሺ ማለቴን ረሳሁ።

በማግሥቱ የትምህርት ክፍሉን ካቢኔ አስከፍቼ የዐሥራ ሁለት ዓመት የፈተና ወረቀቶች አወጣሁ። ጥያቄ ቁጥር አራት ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ ሦስት ሲደመር አራት ሲባዛ በሁለት፣ ኮምፓይለሩ ስንት ይሰጣል? ባዶ ከተዉት ጥቂቶች በቀር ሁሉም ዐሥራ አራት ብለው ጽፈው ዐሥር ከዐሥር አግኝተዋል። እኔ ሳርም መልሱን በግራ እጄ፣ የተማሪውን ወረቀት በቀኝ እጄ ይዤ ስለነበር፣ ሦስትን፣ አራትንና ሁለትን የማይበት ምክንያት አልነበረኝም። አንዲት ልጅ ብቻ፣ ዓምና፣ ዐሥራ አንድ ብላ ጽፋለች። በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ዜሮ ሰጥቼአታለሁ። ታየች የወደቀችው በስምንት ነጥብ ነው።

እንግዲህ ክብርት ሆይ፣ በጨዋ ቋንቋ ስዞርበት የቆየሁትን ልጻፈው። በመምህር ይታያል እቀናለሁ። ከመስከረም ጀምሮ እቀናለሁ፤ ከዚያ ረቡዕ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ እስኪያሳጣኝ ቀናሁ። እሳቸው አዋቂ ስለሆኑ ቢሆን እችለው ነበር፤ ከእኔ የሚያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም አልልም። የማልችለው ሌላውን ነው። እሳቸው ሲሳሳቱ ተማሪዎቻቸው ፊት ለፊት ይነግሯቸዋል። አንዲት አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ቀና ብላ ሰንጠረዡ አጥፍቷል አለቻቸው። እኔን ግን አራት መቶ ምናምን ሰው ለዐሥራ ሁለት ዓመት ታገሠኝ። ቤታቸው ሲገቡ ዐሥራ አንድ፣ ፈተና ሲቀመጡ ዐሥራ አራት እያሉ፣ ለታናናሾቻቸውም እያስተላለፉ፣ በመንገድ ሲያገኙኝ ግን እንደምን ዋሉ ቲቸር እያሉ አለፉኝ። እንዲህ ያለውን ትሕትና ለጠላትዎም አይስጥ።

ይህንንም ልጨምር። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ኮምፓይለር ሠርቼ አላውቅም። ሠርቼ ቢሆን ያቺ ሳጥን በመጀመሪያው ቀን ትያዝ ነበር። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ቤቴ አንድ መሥራት ጀምሬአለሁ። መደመር ይችላል። ማባዛት ሲመጣበት ይቆማል፤ ለምን እንደሚቆም የምጠይቀው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሳቸውን ደግሞ አልጠይቅም። የእሳቸውን ዕውቀት እሳቸው በሌሉበት የማገኝበት መንገድ ካለ የትምህርት ክፍሉ ቢያመቻችልኝ ምንኛ ባመሰገንሁ።

ስለዚህ ከጉባኤው በፊት ሁለት ነገር እለምናለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የታየች የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ነው። በእኔ በኩል ፈርሜበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ለጸሐፊዎ ሰጥቼው «ያለፈ ነገር መቀስቀስ ለኮሌጁ ስም አይበጅም» የሚል የእርስዎ ምክር ተነግሮኝ ተመልሶልኛልና፣ ስለ ምክሩ እያመሰገንሁ እንደገና አቅርቤዋለሁ። ልጅቷ አልጠየቀችኝም። ስታየኝ አሁንም እንደምን ዋሉ ቲቸር ነው የምትለኝ፤ ያንን ሰላምታ ከዚህ በላይ መቀበል ስላቃተኝ ነው።

ሌላው ኮርሴ እንዲመለስልኝ ነው። መምህር ይታያል እንደሚሻሉ እኔ ራሴ ከላይ በአራት ነጥብ አስረድቻለሁ፤ ጠበቃ ቢኖረኝ ይህን ደብዳቤ እንዳልለጥፍ ይከለክለኝ ነበር። ቢሆንም መልሱልኝ። አንድ መንፈቅ ብቻ ይሁን። ስላይዶቹን ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱንም አጥፍቻቸዋለሁ። ቆጠራ እንዴት እንደሚቀመጡበት ደግሞ አውቃለሁ፤ በተማሪነት ሁለት ዓመት ተቀምጬበታለሁ፤ እንዲያውም ያኔ መምህሬ በቀን ሦስት ጊዜ ያርሙኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ያረመኝ ሰው የለም። አብረን እንድናስተምር ሐሳብ እንደሚያቀርቡ እገምታለሁ፤ ይቅርብኝ። ከእሳቸው አጠገብ ቆሜ መታየቱን አልችለውም። ሣሩ ላይ ብቻዬን ልቀመጥና፣ አንድ ተማሪ ቀና ብሎ ተሳስተሃል ይበለኝ። ቲቸርም ብሎ ቢጠራኝ ግድ የለኝም።

ጉባኤው እንቢ ካለ ውሳኔውን በተለመደው ትሕትናዬ ተቀብዬ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ኮምፒውተር መዝጋት ወደማስተማሩ እመለሳለሁ።

ከመስኮትዎ የሚገባው ነፋስ ይለዝብልዎ፣ ስብሰባዎችዎ ይጠሩ፣ ቃለ ጉባኤዎችዎ ይመሩ እያልሁ፣ ከአክብሮት በቀር በእጁ ምንም ያልቀረው፣ ለትምህርት ጥራት ሲባል የተነሣው አገልጋይዎ

የኋላሸት ገዳሙ

ግልባጭ፦
ለአካዳሚክ ጉባኤው አባላት
ለመምህር ይታያል እንዳላማው (ቢያርሙልኝ አልቀየምም፤ እቀየማለሁ)
ለማስታወቂያ ሰሌዳው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከካቢኔው ካወጣኋቸው ወረቀቶች መካከል የመጀመሪያው ዙር ተማሪዎቼ፣ ማለትም የእርስዎ ክፍል፣ ፈተናም ይገኝበታል። የእርስዎን ለይቼ አየሁት። ጥያቄ አራት ላይ በመጀመሪያ ዐሥራ አንድ ብለው ጽፈው ነበር፤ ከዚያ በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዘው ከጎኑ ዐሥራ አራት ብለዋል። ያን ቀን ፈተናውን የምጠብቀው እኔ ነበርሁ፤ ከመቀመጫዎ እስከ ጠረጴዛዬ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ዐሥር ከዐሥር ሰጥቼዎታለሁ።